ኮሮላን በትንሽ ወጪ ዝቅ ማድረግ፦ ለጅማ መንገድ የሚሆን አሠራር

ዝቅ ያለች ኮሮላ ታምራለች። በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል ያለው ክፍተት ሲጠብ መኪናዋ መሬቱን የጨበጠች ትመስላለች። መታጠፊያ ላይ ወደ ጎን ማዘንበሏም ይቀንሳል። እኔም ስለምወደው “ተዉት ይቅርባችሁ” አልልም። ግን ያለነው ጅማ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ አያባራም፣ ጉድጓዱን ውሃ ይሸፍነዋል። ሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን አለ። ግቢ ለመግባት ቦይ መሻገር አለ። አስፋልቱ ላይ ደግሞ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ። ይህን ሁሉ ችላ እንድትሄድ ከፈለጋችሁ ሞላ ከመቁረጥ በፊት መለካት ይቀድማል። መለኪያው ደግሞ ርካሽ ነው።

መመሪያውን የጻፍኩት በዋናነት ለኮሮላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የወጡት ኮሮላዎች ከፊትም ከኋላም ሞላቸው ሾኩን አቅፎ ይቀመጣል። ቪትዝና የድሮዋ ያሪስ ከፊት እንደዚያው ናቸው፣ ከኋላ ግን ሞላውና ሾኩ ለየብቻ ናቸው። አሮጌዋ ዲኤክስ ከፊት ትመሳሰላለች፣ ከኋላ ግን አንድ ወጥ አክስል ነው ያላት። ልዩነቱ የሚያመጣውን ነገር በየቦታው እጠቅሳለሁ።

ፒክአፕ ያላችሁ ይህን አትከተሉ። የኋላው ባሌስትራ፣ ተደራርቦ የታሰረው የዝርግ ብረት ሞላ፣ ሌላ ሥራ ነው። ብዙ ፒክአፖች ላይ ደግሞ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። መኪናው ዝቅ ሲል ቫልቩ ጭነት የተጫነ ይመስለዋል፣ ለኋላ ጎማዎች ከሚገባው በላይ የፍሬን ግፊት ይለቃል። በእርጥብ አስፋልት ላይ የኋላ ጎማ ቀድሞ መሽከርከር ካቆመ መኪናው ይዞራል። ባዶ ፒክአፕ ላይ ይህ በጣም አደገኛ ነው።

መጀመሪያ ለኩ

መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙ። የጎማው ንፋስ ትክክል ይሁን፣ ውስጧ ዕቃ አይኑር። በሜትር ከጎማው መሀል፣ ከቸርኬው እምብርት ማለት ነው፣ ቀጥ ብላችሁ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩ። ከመሬት ጀምራችሁ አትለኩ፣ የጎማ ንፋስ ልዩነት ያሳስታችኋል። አራቱንም ጎማ ለኩና ቁጥሩን ጻፉ። ግራና ቀኙ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያየ አንዱ ሞላ ደክሟል ወይም ተሰብሯል ማለት ነው። ያ ሳይስተካከል ወደሌላ አትለፉ። ብዙ አሮጌ ኮሮላ ማንም ሳይነካው በዕድሜ ብዛት ዝቅ ብሏል፤ የናንተም እንደዚያ ከሆነች የቀራት ቦታ ከምታስቡት ያነሰ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የሥራው ሁሉ ቁልፍ ነው። አንድ ኬብል ታይ፣ ያ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚታሰርበት የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ግዙ። የሾኩን አቧራ መከላከያ ላስቲክ ወደ ላይ ሰብስባችሁ እሰሩት። ከሾኩ የሚወጣውን የሚያብረቀርቅ ዘንግ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ኬብል ታዩን ዘንጉ ላይ እሰሩ። እንዳይወድቅ ያህል ይጥበቅ፣ ሲገፋ ግን ይንሸራተት። ከዚያ ወደ ታች ገፍታችሁ ከሾኩ አካል ጋር አገናኙት።

አሁን በየቀኑ የምትሄዱበትን መንገድ ሂዱ። አምስት ሰው የምትጭኑ ከሆነ አምስት ሰው ጭናችሁ ሂዱ። መርካቶ አካባቢ ያለውን ግርግር፣ የሰፈራችሁን ኮብልስቶን፣ ወደ ጅሬን የሚያወጣውን ዳገት፣ የግቢያችሁን መግቢያ ሁሉንም ንኩ። ሾኩ በተጨመቀ ቁጥር ኬብል ታዩን ወደ ላይ እየገፋ ይሄዳል፣ የደረሰበት ቦታ ላይም ይተወዋል። ስትመለሱ ሰዎቹን አውርዱና እዩ። ከኬብል ታዩ እስከ ላይኛው የላስቲክ ስቶፐር፣ ሾኩ ከመጠን በላይ እንዳይጨመቅ የሚያግደው ላስቲክ፣ ጫፍ ድረስ ያለው ርቀት ነው ያላችሁ ትርፍ ቦታ።

ምሳሌ ልስጥ። ትርፉ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነና 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካደረጋችሁ፣ በዚያው መንገድ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀራችኋል። ጥሩ ነው። ትርፉ 2 ከሆነና አሁንም 3 ዝቅ ካላችሁ ግን ስቶፐሩ በየጉድጓዱ ይመታል። ምቱ ወደ ሾኩ፣ ወደ ላይኛው መቀመጫና ወደ መኪናው አካል ያልፋል። ሾክ በወራት ውስጥ ዘይት መትፋት የሚጀምረው እንዲህ ነው። ትርፉ ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ ሾኩንና ሞላውን መርምሩ። ደክመው ከሆነ ጤነኛ አስገቡና እንደገና ለኩ።

ሆዷንም እዩ። ብዙ ጊዜ መሬት የሚቀርበው ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ)፣ ማርሚታው ወይም የፊት ፓራውልት ሥር ያለው ፕላስቲክ ነው። ዝቅተኛውን ነጥብ ከመሬት ለኩ። ከዚያ ወደምትገቡበት ግቢ ሄዳችሁ የመግቢያውን ጉብታ ለኩ። አዲሱ ቁመት ላይ ኮፓው የሚነካ ከሆነ ነገሩ እዚያው አለቀ። በኔ አስተያየት ለጅማ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር በቂ ነው። ዓይን ይህን ልዩነት በደንብ ያየዋል። ከ3 በላይ ያለውን ለሌላ ከተማ መንገድ ተዉት።

በቡና ወቅት ከሊሙ ወይ ከማና ኬሻ ጭናችሁ የምትመለሱ ከሆነ ደግሞ የኋላውን ፈጽሞ አትንኩ። ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ከኋላ ኩንታል ተጭኖበት፣ ሰው ተቀምጦበት፣ ሞላ ተቆርጦበት የሚተርፍ ቦታ የለም።

ብሩ በየት ይውጣ

ገንዘብ ሲያጥር ሰው ሁሉ ሞላ ቆርጦ ሾክ ይተዋል። እኔ በተቃራኒው ሾክ ይቅደም እላለሁ። ያጠረ ሞላ ይጠነክራል፣ የጠነከረ ሞላን የሚያረጋጋው ጤነኛ ሾክ ብቻ ነው። የመኪናዋን ማዕዘን በሁለት እጅ ወደ ታች ተጭናችሁ ልቀቁ። ተነስታ ቀጥ ካለች ደህና ነው። ደጋግማ ከዘለለች ሾኩ ሞቷል። የሾኩ አካል በዘይት ርሶ አቧራ ከለበሰም እንደዚያው ነው። የሾክ ብር ከሌላችሁ ዝቅ ማድረጉን ለጊዜው አቆዩት።

ከሾክ ቀጥሎ ጎሚኒዎችን፣ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ያሉትን ላስቲኮች፣ አስፈትሹ። የተሰነጠቀ ጎሚኒ ይዞ ዝቅ ያለ መኪና መሪው ይዋኛል።

ከዚያ ሞላው ይመጣል። ከሁሉ የሚሻለው ለዚያች መኪና ሞዴል ተብሎ የተሠራ አጭር ሞላ ነው። ጅማ ካጣችሁ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ የሚያፈላልግ ሰው ላኩ። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሞዴሉን፣ የሞተሩን ዓይነትና የተሠራችበትን ዓመት በትክክል ጽፋችሁ ስጡት፤ የማይገጥም ሞላ ይዞ ቢመጣ የትራንስፖርቱ ብር ከጠቅላላ ቁጠባችሁ ይበልጣል። አነስተኛ ሞተር ካላት ተመሳሳይ ኮሮላ የወጣ ሞላ ይሆናል የሚሏችሁም ይኖራሉ። መኪናዋ ዝቅ ትላለች፣ እውነት ነው፤ ግን ሞላው ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ስቶፐር ትመታለች። ለኛ መንገድ አልመርጠውም።

ይህ ሁሉ ካልሆነ መቁረጥ አለ። በትክክል ከተቆረጠ ይሠራል። ሁለት ነገር ግን ፈጽሞ አይደረግም። አንዱ ሞላን በእሳት አቅልቶ ማስቀመጥ ነው። የሞላ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ ተለክቶ በተሰጠው ሙቀት ነው። ጋዝ ሲነካው ያ ጥንካሬ ይጠፋል፣ አራቱም ሞላ ለየቅል ይወርዳል፣ ውሃ ከተደፋበት ደግሞ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ሌላው ዙሮቹን በማሰሪያ ብረት ጠፍንጎ ማሳጠር ነው። ማሰሪያው መንገድ ላይ አንድ ቀን ይለቃል፣ አንዱ ጎን ብቻ በድንገት ይነሳል።

ምን ያህል ልቁረጥ?

መኪናዋ በጎማዋ ቆማ እያለ ተንበርክካችሁ ሞላውን እዩ። ከአንዱ ዙር መሀል እስከ ቀጣዩ ዙር መሀል ያለውን ርቀት ለኩ። አንድ ሙሉ ዙር ቢቆረጥ መኪናዋ የምትወርደው ይህን ያህል ነው። ሾኩን አቅፎ የተቀመጠ ሞላ ላይ ይህ ስሌት ብዙም አይስትም። ርቀቱ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግማሽ ዙር 2.5 ሴንቲ ሜትር ያወርዳል። ሞላው ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን አትለኩ፣ ያኔ ዙሮቹ ተራርቀዋልና ስሌቱ ይበላሻል። ቪትዝ ላይ የኋላው ሞላ ወደ ፊት ገባ ብሎ ስለተቀመጠ ጎማው ከስሌቱ ትንሽ በለጥ ብሎ ይወርዳል፣ ስለዚህ ቀነስ አድርጉ።

ሞላው ምን ያህል እንደሚጠነክርም ይታወቃል። የሚሠሩ 6 ዙሮች ያሉት ሞላ ግማሽ ዙር ሲወጣለት 5.5 ይሆናል። 6ን ለ5.5 ብታካፍሉ 1.09 ነው፣ ማለትም 9 በመቶ ጠነከረ። ሙሉ ዙር ቢወጣ 20 በመቶ ነው። ዘጠኙን ጤነኛ ሾክ ይችለዋል። ሃያው ጀርባችሁ ላይ ይሰማችኋል።

የሞላውን ጫፎችም እዩ። ጫፉ እንደ ቀንድ አውጣ ወደ ውስጥ ጠበብ ብሎ ከተጠመዘዘ ያ ጫፍ አይቆረጥም፣ መቀመጫው ላይ የሚገጥመው በዚያ ቅርጹ ነው። የሚቆረጠው ስፋቱን ሳይቀይር ዝም ብሎ የሚያልቀው ጫፍ ነው። ሁለቱም ጫፍ የጠበበ ከሆነ አትቁረጡ።

አፈታት

የሚያስፈልገው፦ ክሪክ፣ ጠንካራ ማቆሚያ፣ ቁልፎች፣ ሞርሳ፣ ሁለት የሞላ መጭመቂያ፣ ቀጭን መቁረጫ ዲስክ ያለው ግራይንደር። መጭመቂያውን ለመግዛት አትቸኩሉ፣ ጋራዥ ጠይቃችሁ ተከራዩ ወይም ይህን ክፍል ብቻ እዚያው አሠሩ። እዚህ ላይ የሚከፈል ብር አያስቆጭም።

የእጅ ፍሬን ያዙ፣ መሬት ላይ የሚቀሩትን ጎማዎች በድንጋይ ደግፉ። መኪናዋ መሬት ላይ እያለች የጎማውን ዳዶዎች አላሉ። ከዚያ በክሪክ አንሱና ማቆሚያ ላይ አሳርፉ። ማቆሚያ ከሌለ ወፍራም የእንጨት ግንድ ይሁን። ብሎኬት አይሆንም፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሳይታሰብ ይፈረከሳል። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር እጃችሁንም አታስገቡ።

ሾኩን ከጎማ ተሸካሚው ጋር የሚያይዙትን ሁለት ቡሎኖች ከመንካታችሁ በፊት የነበሩበትን ቦታ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጉ። የፍሬን ቱቦውን ማቀፊያ ፍቱ። የኤቢኤስ ሽቦ ካለም ለቀቅ አድርጉት። ቡሎኖቹ ሲወጡ ጎማ ተሸካሚው ወደ ውጭ ይወድቃል፣ በሽቦ እሰሩት እንጂ በፍሬን ቱቦው ላይ አታንጠልጥሉት። መጨረሻ ላይ ኮፈኑን ከፍታችሁ ላይ ያሉትን ሦስት ትናንሽ ዳዶዎች ፍቱ። መሀል ላይ ያለውን ትልቁን ዳዶ አሁን አትንኩት። ደግሜ እላለሁ፣ አትንኩት። የተጨመቀውን ሞላ ይዞ ያለው እሱ ነው። ሞላው ሳይጨመቅ ከተፈታ ሰው ይገድላል።

ሾኩን ከነሞላው ሞርሳ ላይ አስራችሁ ሁለቱን መጭመቂያዎች ፊትና ኋላ፣ ትክክል ተቃራኒ አድርጋችሁ አጥምዱ። የመጭመቂያዎቹን ቡሎን ጥርስ ቅባት ቀቡ። አንዱን ሁለት ሦስት ዙር፣ ከዚያ ሌላውን እንዲሁ እያላችሁ በእጅ ቁልፍ እኩል አጥብቁ። የንፋስ ቁልፍ አትጠቀሙ። ፊታችሁና ደረታችሁ በሞላው አቅጣጫ አይሁን። ሞላው ከመቀመጫው ተላቆ በእጅ ሲነካ የሚዞር ሲሆን ብቻ የመሀሉ ዳዶ ይፈታል። በመጭመቂያ ፋንታ በሽቦ ወይም በሰንሰለት አስሮ የሚፈታ ሰው ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

መቁረጡ

ሞላው ከመጭመቂያው ወጥቶ ሙሉ በሙሉ ይላላ። የሚቆረጠውን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ። ሁለቱን የፊት ሞላዎች ጎን ለጎን አቁማችሁ ምልክቱ አንድ ቦታ መሆኑን አረጋግጡ፣ ከዚያ ነው ግራይንደር የሚነሳው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ አሳንሳችሁ ቁረጡ። ሩብ ዙር በኋላ መጨመር ይቻላል፣ የተቆረጠ አይመለስም።

የዓይን መከላከያ አድርጉ። በትንሽ በትንሹ ቁረጡ፣ በየመሀሉ እርጥብ ጨርቅ አስነኩት። ብረቱ ሰማያዊ ቀለም ካመጣ እየጋለ ነው፣ ቁሙ። ጋዝ ወይም ብየዳ አይነካውም። ግራይንደር ከሌለ የብረት መጋዝም ይሠራል፣ ጊዜ ይወስዳል እንጂ። የተቆረጠውን ጫፍ በፋይል አለስልሱ። ባዶውን ብረት ወዲያውኑ ፀረ ዝገት ቀቡት፤ በጅማ እርጥበት ዝገት ቀን አይጠብቅም፣ የዛገ ሞላ ደግሞ የሚሰበረው ከዛገበት ነው።

የስቶፐሩን ላስቲክ ብዙ ሰው አውጥቶ ይጥለዋል። አትጣሉት። ያለሱ ብረት ከብረት ይጋጫል። ዝቅ ያደረጋችሁትን ያህል አሳጥሩት፣ ከግማሹ ግን አትለፉ። ቀጭኑ ጫፍ ለስላሳው ስለሆነ እሱን ትታችሁ በወፍራሙ በኩል፣ መስመሩ ላይ ቁረጡ።

መግጠም

መገጣጠሙ የአፈታቱ ተቃራኒ ነው። ልብ የሚባለው ነገር የተቆረጠው ጫፍ ነው። የታችኛው መቀመጫ ላይ ደረጃ አለ፣ ጫፉ እዚያ ደረጃ ላይ ተጠግቶ መቀመጥ አለበት። ትንሽ እንኳ ካለፈው ሞላው እየዞረ ይጮኻል። መጀመሪያ ዳዶውን አጥብቁ፣ ከዚያ መጭመቂያዎቹን በየተራ አላሉ። ያወለቃችሁትን የአቧራ መከላከያ መልሱ። የጥፍር ቀለም ምልክቶቹን አገጣጥሙ።

መኪናዋን ከማውረዳችሁ በፊት ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ሞላውን በእጅ ነቅንቁ። መንቀሳቀስ የለበትም። ላልቶ የሚጫወት ከሆነ አብዝታችሁ ቆርጣችኋል፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። ቪትዝ ላይ የኋላው ሞላ ብቻውን ስለቆመ ጨርሶ ወድቆ ሊቀር ይችላል። መፍትሔው ሌላ ሞላ መግዛት ብቻ ነው።

የታችኛውን ክንድ ጎሚኒ የያዙትን ቡሎኖች አላልታችሁ ተዉአቸው። የሚጠብቁት መኪናዋ በጎማዋ ከቆመችና ከፍ ዝቅ ተደርጋ ከተነቀነቀች በኋላ ነው። አየር ላይ ካጠበቃችኋቸው ላስቲኩ በአዲሱ ቁመት ሁልጊዜ ተጠምዝዞ ይኖራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ይህን ብዙ ጋራዥ አያደርገውም፣ ቆማችሁ አስደርጉ። የጎማ ዳዶ ለኮሮላና ለቪትዝ 103 ኒውተን ሜትር ነው። የመለኪያ ቁልፍ ያለው ጎሚስታ ካገኛችሁ እሱ ያጥብቀው።

ከወረደች በኋላ

መሪውን እስከ መጨረሻ ግራ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻ ቀኝ አዙሩ። ጎማው ፓራፋንጎ፣ ቱቦ ወይም ሽቦ መንካት የለበትም። አራቱን ቁመት ለኩና ከድሮው ወረቀት ጋር አስተያዩ። ፍሬን ደጋግማችሁ ሞክሩ። የመጀመሪያውን ሳምንት ከተማ ውስጥ ብቻ ቆዩ። ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ፣ በተለይ የጊቤን ቁልቁለት ለመውረድ፣ አትቸኩሉ።

ከሳምንት በኋላ ሞላው ቦታውን ይይዛል፣ ያኔ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫና ዝንባሌ ማስተካከል) አሠሩ። መኪና ዝቅ ሲል የጎማው አናት ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ የጎማው አቅጣጫም ይዛባል። ያለ አላይመንት ከሄዳችሁ የጎማው የውስጥ ጠርዝ ሳይታያችሁ ይበላል። በሞላ የቆጠባችሁት ብር በጎማ ይሄዳል። የፊት መብራቱንም ግድግዳ ፊት አቁማችሁ አስተካክሉ። ፊትና ኋላው እኩል ካልወረደ መብራቱ ወይ መሬት ያያል ወይ የባጃጅ ሾፌሩን ዓይን ይወጋል።

ቦሎ ከማሳደሳችሁ በፊት ምርመራ የሚያደርገው ቦታ ሄዳችሁ ምን ያህል እንደሚፈቀድ ጠይቁ፣ ኢንሹራንሳችሁንም አሳውቁ። ከተቻለ ይህን ከመቁረጥ በፊት አድርጉት።

ኬብል ታዩን እንደገና ዘንጉ ላይ እሰሩትና ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ ሰው ጭናችሁ ሂዱ። ስቶፐሩን ቀለል አድርጎ ከነካ ችግር የለም። ተጨፍልቆ ከተገኘ ግን ወይ ጭነት ቀንሱ፣ ወይ ያልተቆረጠ ሞላ ፈልጋችሁ መልሱ። በወሩ መጨረሻ እጃችሁን በጎማው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ አሳልፉ። ከውጭው ይልቅ ከለሰለሰ ወደ አላይመንት ተመለሱ።